የባቡር ሐዲድና ጦርነት በአገራችን

ባቡር ሲባል በመካነ ሰላም ገበያ ላለ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው የእህል ወፍጮው ነው። «እህሉን ባቡር ቤት አድርሼ ልምጣ» ይባላል እንጂ «በባቡር ተሳፍሬ ልምጣ» የሚል የለም። ይህም አያስገርምም። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በአማራ ሳይንት የምድር ባቡር አልፎ አያውቅም። በአንድ ወገን የዓባይ፣ በሌላ ወገን የበሽሎ ገደል ያጠረውን ደጋ እንኳንስ ባቡር መኪናም የደረሰበት ዘግይቶ ነው።

ታዲያ ባቡር የማያውቅ ገበሬ ስለ ባቡር ማንበቡ ምን ይረባዋል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን የምንለው አለን። ሐዲዱ ወደ ቦረና ባይመጣም የሐዲዱ ዕዳ ወደ ቦረና መጥቷል። የወሎ ሰው በእግሩ እየተጓዘ የተዋጋባቸው ጦርነቶች ብዙዎቹ ከዚያ ከማያውቀው ብረት ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። እንዴት እንደተሳሰሩ በዚህ ንባብ እናያለን። በንባቡ ውስጥ የምናነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሐዲድ ጥቂት እንናገር። ሐዲድ ማለት ጎን ለጎን ተጋድመው ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሁለት የብረት ዘንጎች ናቸው። ከሥራቸው እንጨት ወይም ብረት አግድም እየተነጠፈ ይያዛሉ። በአሮጌው የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ዘንጎች መካከል የነበረው ስፋት አንድ ሜትር ነው። ባቡሩ የብረት ጎማ አለው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ብዙ አይያዝም። በጭቃ ውስጥ የሚጎተት ግንድና በደረቅ ሜዳ የሚንከባለል በርሜል አንድ ዓይነት ጉልበት አይፈልጉም አይደል? የባቡር ምሥጢሩ ይኸው ነው። አንድ ሞተር ብዙ ፉርጎ ይጎትታል። ፉርጎ የሚባለው ዕቃ ወይም ሰው የሚጫንበት የባቡሩ ክፍል ነው።

በሒሳብ እንየው። አንድ አጋሰስ አንድ ኩንታል ይጫናል እንበል። አንድ ፉርጎ ደግሞ መቶ ኩንታል ይጫናል እንበል። ሃያ ፉርጎ የሚጎትት አንድ ባቡር ሁለት ሺህ ኩንታል ያነሣል። ስለዚህ ያንን ጭነት በአንድ ጊዜ ለማንሣት ሁለት ሺህ አጋሰስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለሁለት ሺህ አጋሰስ ሣሩን፣ ውሃውን፣ ነጂውን፣ ማደሪያውን አስቡት።

ነገር ግን ባቡር ሁለት ድክመት አለበት። አንደኛው ዳገት አይወድም። ብረት በብረት ላይ በቀላሉ የሚንከባለለውን ያህል በዳገት ላይ ያዳልጣል። ስለዚህ ተራራ ሲያገኝ ወይ ዞሮ ይሄዳል፣ ወይ ተራራው ተቦርቡሮ ዋሻ ይሠራለታል። ሁለተኛው ድክመት ከመንገዱ መውጣት አለመቻሉ ነው። በቅሎ መንገድ ቢዘጋባት በማሳው ጠርዝ ታልፋለች። ወንዝ ቢሞላባት ሌላ መልካ ትፈልጋለች። ባቡር ግን አንድ ድልድይ ከፈረሰበት መቶዎቹ ሌሎች ድልድዮች ደህና ቢሆኑም ዋጋ የላቸውም። ይህችን ነገር ያዙልን። ወደ ኋላ ደጋግማ ትመጣለች።

ከባቡር በፊት

ከባቡር በፊት ከባሕር የሚመጣውን ዕቃ የሚያመላልሱት ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ሸዋ ለመድረስ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ ነበር። ጠመንጃውም፣ ጥይቱም፣ አቡጀዲውም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለዓድዋ ዘመቻ ክተት ሲሉ ሠራዊት የሚገናኝበት ሥፍራ ወረኢሉ ነበር። ወረኢሉ ከእናንተ ሩቅ አይደለችም። የዚያን ጊዜ ከወረኢሉ ዓድዋ የደረሰው ሰው ሁሉ በእግሩና በአጋሰስ ነው የደረሰው። የታጠቀው ጠመንጃም የመጣው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነው።

ምኒልክ ይህን ችግር ያውቁ ነበር። ከዓድዋ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሙሴ ኢልግ የስዊስ አገር ሰው ሲሆኑ የንጉሡ መሐንዲስና አማካሪ ነበሩ። በሥራው አብረዋቸው የገቡት ሙሴ ሼፍኖ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነበሩ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት ነው። ሐዲዱም ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ ታሰበ። ከፋና ነጭ ዓባይ ግን እንዲያው በወረቀት ቀሩ።

እንዲህ ያለ ፈቃድ ምን እንደሆነ እናስረዳ። መሬት አለህ፣ ወፍጮ ግን መትከያ ገንዘብ የለህም እንበል። ሌላ ሰው ይመጣና «ገንዘቡን እኔ አወጣለሁ፣ ወፍጮውን እተክላለሁ፣ ለ99 ዓመት ግን የማስፈጫውን ዋጋ እኔ እቀበላለሁ» ይልሃል። አንተም እህልህ ስለሚፈጭልህ ትስማማለህ። የልጅ ልጅህ ጊዜ ሲደርስ ወፍጮው ያንተ ይሆናል። ውሉ ክፉ ነው ብለን በጅምላ አንናገርም። ነገር ግን ወፍጮውን የያዘው ሰው አንድ ቀን ከጠላትህ ጋር ቢወዳጅ ምን ታደርጋለህ?

ሌላም ነገር አለ። የባሕሩ ዳርቻ በሙሉ በባዕድ መንግሥታት እጅ ነበር። ምጽዋ በጣሊያን፣ ዘይላ በእንግሊዝ፣ ጅቡቲ በፈረንሳይ ተይዘዋል። ሐዲዱ ከየትም ቢነሣ አንዱ ጫፉ በሰው ቤት ነው። ምኒልክ ከሦስቱ የመረጡት ፈረንሳይን ነበር። በጊዜው የተሻለው ምርጫ እሱ ይመስለናል።

ሐዲዱ ሲሠራና ሲቆም

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በረሃው ውሃ የለውም፣ ሙቀቱ ሰው ያቃጥላል። መሬታቸው የተነካባቸው የኢሳ ጎሣ ሰዎችም በሠራተኞቹ ላይ አደጋ ጣሉ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከሐረር ተራራ ሥር ደረሰ። ሐረር ከተማ ግን ከተራራው ላይ ነች። ቀደም ብለን ባቡር ዳገት አይወድም ብለናል። ኩባንያው ወደ ሐረር መውጣቱ ገንዘብ የሚጨርስ ሆኖ ስላገኘው ሐረርን ትቶ በቆላው አለፈ። ባቡሩ በቆመበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ በቀለች። ድሬዳዋ የተወለደችው እንዲህ ነው። ባቡር ያለፈበት ሜዳ ከተማ ሲሆን ያላለፈበት የጥንት ከተማ ወደ ኋላ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

የኩባንያው ገንዘብ ግን እያለቀ ነበር። በዚህ ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት ገንዘብ አበደረና የኩባንያው አዛዥ ሆነ። ምኒልክ ፈቃድ የሰጡት ለነጋዴ ነው። አሁን ግን በአገራቸው ውስጥ ባለው ሐዲድ ላይ ጌታ ሆኖ የተገኘው የውጭ መንግሥት ነው። ነገሩን አልወደዱትም። ድሬዳዋ ላይ በተደረገው የመክፈቻ በዓልም አልተገኙም። ከድሬዳዋ ወዲህ ሥራው ለዓመታት ቆመ።

ይባስ ብሎ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። አገሪቱ ብትናጋ ማን ምን እንዲያገኝ በወረቀት ላይ አሰፈሩ። የጅቡቲው ሐዲድ እስከ አዲስ አበባ የፈረንሳይ እንዲሆን፣ ጣሊያንም ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በኩል በሐዲድ የማገናኘት መብት እንዲኖራት ተስማሙ። የአገሩ ባለቤት ምን ይላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሰው በሬ ሳይታረድ ሥጋውን መደብ መደብ አድርጎ መከፋፈል ማለት ይኼ ነው። ምኒልክ ውሉ ሲላክላቸው በጨዋ ቃል አመስግነው፣ የመንግሥታቸውን ሥልጣን ግን እንደማይነካባቸው አስታወቁ።

የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተላለፈ። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ እያዘገመ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ ግን በ1906 ዓ.ም. አርፈው ስለነበር ባቡሩን በከተማቸው አላዩትም። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ780 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከወር በላይ ይፈጅ የነበረው መንገድ ሦስት ቀን ሆነ። ሦስት ቀን የሆነውም ባቡሩ በቀን ብቻ እየተጓዘ ሌሊቱን ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ስለነበር ነው። በአዲስ አበባ ዛሬም ለገሃር የሚባል ሰፈር አለ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው።

ሰገሌና የመዲናው ሐዲድ

1909 ዓ.ም. ለወሎ ሰው ሌላ ትዝታ አለው። መስከረም 17 ቀን ልጅ ኢያሱ ሐረር ሳሉ ከሥልጣን መውረዳቸው አዲስ አበባ ላይ ታወጀ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ሠራዊት ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ታላቅ ውጊያ ሆነ። ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። ከሁለቱም ወገን የወደቀው ሰው እጅግ ብዙ ነበር። ልጅ ኢያሱም ከሐረር ወደ አፋር በረሃ ሸሹ።

ውጊያውን የወሰነው ሐዲዱ ነው አንልም። ያን ያህል ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን የነገሩን አቀማመጥ ተመልከቱ። አባት በሰሜን፣ ልጅ በምሥራቅ፣ ጠላቶቻቸው በመካከል ናቸው። የወሎ ሠራዊት ስንቁን በአህያ ጭኖ በእግሩ ሲመጣ፣ አዲስ አበባን የያዘው ወገን ሐዲዱ አቃቂ ደርሶለት ወደ ባሕር የሚወስደውን በር ይዞ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በኢትዮጵያ ሥልጣን መያዝ ማለት አዲስ አበባንና ሐዲዱን መያዝ እየሆነ ሄደ። የየአገሩ ራሶች ጉልበት እያነሰ መጣ። ወሎም ከንጉሥ አገርነት ወደ ተራ ጠቅላይ ግዛትነት የወረደችው በዚሁ ዘመን ነው።

በዚያው ጊዜ ከቀይ ባሕር ማዶ ተመሳሳይ ነገር ይታይ ነበር። የኦቶማን ቱርክ መንግሥት እርጅና ተጭኖት ግዛቶቹ አንድ በአንድ ያመልጡት ነበር። ሱልጣን አብዱልሐሚድ በ1892 ዓ.ም. ከደማስቆ እስከ መዲና ሐዲድ እንዲዘረጋ አዘዙ። ለሐጅ ተጓዦች ይጠቅማል ተብሎ ከብዙ አገር እስላሞች መዋጮ ተሰበሰበ። ሐዲዱ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በ1900 ዓ.ም. መዲና ደረሰ። የተጓዡን ድካም በእርግጥ አቀለለ። ሱልጣኑ ግን ሌላም አሳብ ነበራቸው። ወታደር ወደ ዓረብ አገር ፈጥኖ እንዲደርስ ይፈልጉ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ በ1908 ዓ.ም. ዓረቦች ሲያምፁ፣ አማፂዎቹ ከእንግሊዞች ጋር ሆነው ሐዲዱን በፈንጂ እየቆራረጡ መዲና ያለውን የቱርክ ጦር ከወገኑ ነጠሉት። ቱርኮች አንዱን ሲጠግኑ ሌላው ይፈርሳል። ሺህ ኪሎ ሜትር በረሃ በምን ዘበኛ ይጠበቃል? መንግሥቱን እንዲያጠነክር የተዘረጋው ሐዲድ ራሱ የሚጠብቀው ሠራዊት የሚፈልግ ሸክም ሆነ።

1928 ዓ.ም.

ወደ አገራችን እንመለስ። ራስ ተፈሪ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ከውጭ የመጡት እንግዶች በባቡር ነበር አዲስ አበባ የገቡት። ትልቁ የለገሃር ጣቢያም ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1922 ዓ.ም. ተመርቆ ነበር። ሁሉም ነገር ያማረ ይመስል ነበር። ቡና፣ ቆዳና ሰም ይወጣል፤ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና መኪና ይገባል።

በ1927 ዓ.ም. የፈረንሳይና የጣሊያን መንግሥታት ሮማ ላይ ተስማሙ። ፈረንሳይ ለጣሊያን ከሰጠቻቸው ነገሮች አንዱ በጅቡቲው ባቡር ኩባንያ ውስጥ የአክሲዮን ድርሻ ነበር። ቅድም የጠየቅነው ጥያቄ መልሱን አገኘ። ወፍጮውን የያዘው ሰው ከጠላት ጋር ተወዳጀ።

መስከረም 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ገባ። ጣሊያኖች ከምጽዋ እስከ አስመራ የራሳቸው ሐዲድ ነበራቸው። ወደቡም የራሳቸው፣ ሐዲዱም የራሳቸው፣ የሚሄድበትም አቅጣጫ ወደ ጦር ግንባሩ ነው። ሐዲዱ ጠባብ ስለሆነ አልበቃቸውም፣ የመኪና መንገድም ጨመሩበት። የእኛ ሐዲድ ግን የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ነው። ጦርነቱ የመጣው በሰሜንና በደቡብ ነው። ወደ ደሴ፣ ወደ ማይጨው፣ ወደ መቀሌ የሚወስድ አንድ ክንድ ሐዲድ አልነበረም። በራስ ሙሉጌታ የሚመራው መሐል ሰፋሪ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ሰሜን የተጓዘው በእግሩ ነው። ስንቁ በአህያና በበቅሎ፣ ሲያልቅም ከየመንደሩ ጎተራ ነው። ሠራዊት ያለፈበት አገር ምን እንደሚሆን ለወሎ ገበሬ መንገር አያስፈልግም።

ያም ሆኖ ከባሕር የሚመጣ መሣሪያ ቢኖር አንድ ነገር ነበር። ፈረንሳዮች ግን መሣሪያ በጅቡቲ ሐዲድ እንዳያልፍ ከለከሉ። ባቡሩ አለ፣ ሐዲዱ አለ፣ ጠመንጃው ግን አያልፍም። ጥቂቱ መሣሪያ በእንግሊዝ ሶማሌ በኩል፣ በበርበራ ዞሮ መጣ። በኅዳር ወር ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ከዚያ የመርዝ ጋዝ ተከተለ። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ውጊያ ሆነ፣ ሠራዊቱም ተፈታ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። መሄዳቸው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ያን ጊዜ በአማካሪዎቻቸው መካከልም ተነሥቶ ነበር። አብዛኞቹ ይሂዱ አሉ፣ ጥቂቶቹ ይቅሩ አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። እኛ ለማመልከት የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዓመት ያ ሐዲድ ለአገር መከላከያ የሚሆን መሣሪያ እንደ ልብ አላስገባም፤ ንጉሡን ግን አስወጣ።

ጣሊያኖች አገሩን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይ ወደብና ሐዲድ ላይ መንጠልጠሉን አልወደዱትም። ስለዚህ የመኪና መንገድ ሠሩ። ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውና ከአሰብ ወደ ደሴ የሚመጣው መንገድ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። የሠሩት ለወሎ አስበው አይደለም፣ ወታደርና ዕቃ ለማመላለስ ነው። መንገዱ ግን ቀረ። ደሴና ኮምቦልቻ የመኪና መናኸሪያ ሆኑ። ከደሴ በስተ ምዕራብ ያለው ደጋ በበቅሎው ቀረ።

በ1933 ዓ.ም. ተራው የጣሊያን ሆነ። የእንግሊዝ ጦር ከምሥራቅ እየገፋ ድሬዳዋን ሲይዝ፣ የሚያፈገፍጉት ጣሊያኖች አዋሽ ላይ ድልድዮቹን አፈረሱ። ባቡር ቆመ። የሚያሳድደው ጦር ግን ወንዙን በሌላ ብልሃት ተሻግሮ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ድልድይ ሲፈርስ የሚቆመው ባቡር ነው እንጂ እግረኛ አይደለም።

የዘውዱ መንግሥት ሲዳከም

ከድሉ በኋላ ሐዲዱ ሠላሳ ዓመት ያህል በሰላም ሠራ። በእንጨትና በከሰል የሚንቀሳቀሰው የእንፋሎት ባቡር በናፍጣ ሞተር ተተካ። በ1952 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ሐዲዱ ግን አንድም አልረዘመም። ወደ ሰሜን ሄደ? አልሄደም። ወደ ምዕራብ ሄደ? አልሄደም። ምኒልክ ያሰቡት ከፋ እንኳ ሳይደርስ የዘውዱ ዘመን አለቀ።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ በደረሰ ጊዜ የተራበው ሕዝብ እህል እስኪመጣለት አልጠበቀም። ራሱ ተነሥቶ ወደ መኪናው መንገድ ወረደ። ጎማ የሚደርስበት ሥፍራ ላይ ካልታየ ማንም እንደማያየው ያውቅ ነበር። መንግሥቱ ረኀቡን ደብቆ ቆየ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚህ ጊዜ ወደ ባሕር የሚወስዳቸው ባቡር አልቀረበም።

በመንግሥት ለውጥ ጊዜ አገር ይናጋል። የናጋውን የሚጠብቅ ጎረቤትም አይጠፋም። በ1969 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሁለት ነገር ሆነ። ጅቡቲ ከፈረንሳይ ነፃ ወጣች። በዚያው ሰሞን የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ተዋጊዎች የባቡሩን ድልድዮች በፈንጂ አፈረሱ። በሐምሌ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ገባ፣ በነሐሴም ድሬዳዋን ሊይዝ ሞከረ። የባቡሩ ከተማ ተከላክላ ዳነች፣ ሐዲዱ ግን ተቆርጧል። ምጽዋም በጦርነት መካከል ስለነበረች የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው በአሰብ መኪና መንገድ ላይ ወደቀ። ያ መንገድ በጊዜው ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ የሚያልፍ ነው። የሐዲዱ ሸክም ዞሮ በወሎ በረሃ በኩል መጣ ማለት ነው።

የዚያን ጊዜ ገበሬው ከየክፍለ ሀገሩ እየተሰበሰበ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ። ከወሎም ብዙ ሰው ዘመተ። ባቡር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዲድ ሲያይ የተሰጠው ሥራ ያንን ሐዲድ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። እስቲ አስቡት፤ የወሎ ገበሬ ለስልሳ ዓመት ያህል አንድ ኩንታል እህል ላልጫነለት ሐዲድ በሕይወቱ ዋስ ሆኖ ቆመ። ሐዲዱ ተጠግኖ ባቡር እንደገና የተንቀሳቀሰው በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

አዲሱ ሐዲድ

አሮጌው መስመር እያረጀ ሄዶ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ሥራ አቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ተመረቀ። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፣ ገንዘቡም በአብዛኛው ብድር ነው። ከሙሴ ኢልግ ፈቃድ ጋር ያለውን ልዩነትና ተመሳሳይነት ልብ ማለት ይጠቅማል። ዛሬ ባለቤቶቹ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ናቸው፣ ዕዳውም የእነሱ ነው። የባሕሩ ጫፍ ግን አሁንም በሌላ አገር መሬት ላይ ነው።

ወደ ወሎ የሚመጣ ሐዲድም ታስቧል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሃራ ገበያ የሚደርስ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር ነው። ሥራው በ2007 ዓ.ም. በቱርክ ኩባንያ ተጀመረ። ተራራው ተቦርቡሮ ዋሻዎች ተሠሩ፣ ሐዲድ ተነጠፈ። ወሎ ሐዲድ አየች። ነገር ግን መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ኮምቦልቻ ደረሰና መስመሩ ጉዳት ደረሰበት። ባቡር ያልሄደበት ሐዲድ ጦርነት ቀድሞ ሄደበት።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው የመኪና መንገድ ነው። የኮምቦልቻው ሐዲድ ቢሠራ እንኳ የቦረና ስንዴና ጤፍ እስከዚያ የሚወርደው በመኪና ነው። ስለዚህ ለቦረና ሰው የባቡሩ ጥቅም የሚለካው እስከ ኮምቦልቻ ባለው የመኪና መንገድ ደህንነት ነው። ይህን ስንል ሐዲዱ አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ኮምቦልቻ ድረስ በባቡር ቢመጣ የማጓጓዣው ወጪ ሊቀንስ ይችላል። ቅናሹ ገበሬው ደጃፍ መድረሱን ግን ገበሬው ራሱ ቢከታተለው ይሻላል።

ይህን ንባብ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ካነበባችሁ በአንድ ነገር ላይ ተነጋገሩ። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ የዘመቱ አዛውንት በቀበሌያችሁ ካሉ ቡና አፍልታችሁ ጥሯቸው። ከመካነ ሰላም እስከ ታጠቅ ስንት ቀን ፈጀባችሁ፣ ምን ያህሉን በእግር፣ ምን ያህሉን በመኪና ሄዳችሁ በሏቸው። ሐዲዱን ካዩ የት ላይ እንዳዩት፣ ድልድይ ጠብቀው እንደሆነም የትኛውን እንደሆነ ጠይቋቸው። የሚነግሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉት፤ ስማቸውንና ቀኑንም አትርሱ።